በሊዮን ኮረብታ ሥር ያሉት ሁለት የነሐስ ሰሌዳዎች

የጥንት ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ሁሉ ለተመልካቹ ሁለት ነገር ያቀርብለታል። አንደኛው ከምድር ተቈፍሮ የወጣው ዕቃ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዕቃዎቹ በተደረደሩበት ሥርዐት የሚነገረው ታሪክ ነው። ዕቃው አይዋሽም፤ ነገር ግን የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም። አደራደሩ ደግሞ የሰው አሳብ ስለ ሆነ ሊመሰገንም ሊነቀፍም ይችላል። ስለዚህ መጽሐፍ እንደሚመረመር ሁሉ እንዲህ ያለውንም ቤት መመርመር ተገቢ ነው፤ ይልቁንም ቤቱ የአንዲትን ከተማ ልደትና የሁለት ሕዝቦችን መገናኘት፥ ይኸውም ያሸነፈውንና የተሸነፈውን፥ የሚተርክ ሲሆን ምርመራው ጠንቃቃ መሆን አለበት።

በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፥ ፉርቪየር በሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መዘክር እንዲህ ያለ ቤት ነው። ሊዮን ሮንና ሶን የተባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የቆመች ከተማ ናት። ጎል ማለት ዛሬ ፈረንሳይ የሚባለው አገርና በዙሪያው ያለው ምድር የጥንት ስሙ ነው። ዩልዮስ ቄሣር ይህን አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ58 ዓመት ጀምሮ በጦርነት ያዘ። እርሱ ከተገደለ በኋላ፥ በ43 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ ሉክዮስ ሙናጥዮስ ፕላንቆስ የተባለ የሮማ ሹም በኮረብታው ላይ የሮማውያንን ከተማ ቈረቈረ። ብዙ ሳይቈይ ከተማይቱ ከሦስቱ የጎል አውራጃዎች የአንደኛው መዲና፥ የሦስቱም መሰብሰቢያ ሆነች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የሮማውያን ከተማ ከፈረሰ በኋላ ኮረብታው ለብዙ ዘመን የወይን ቦታና የገዳማት ስፍራ ሆኖ ኖረ። በ1933 ዓመት፥ ኤድዋር ኤርዮ የከተማው ከንቲባ ሳለ፥ በዚያ ላይ ታላቅ ቍፋሮ ተጀመረ። ቍፋሮውን ያነሣሣው በ177 ዓመት ክርስቲያኖች በሰማዕትነት የሞቱበትን የአውሬ መታገያ ስፍራ ለማግኘት የነበረው ተስፋ ነው። የተገኘው ግን ሌላ ሆነ፤ ይኸውም ዐሥር ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ታላቅ ቴያትር ነበረ፤ በአጠገቡም ለዜማና ለንግግር የሚሆን ኦዴዎን የሚባል ታናሽ ቴያትር አለ። ሰማዕታትን ሲፈልጉ የተድላ ቤት ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነገር ነው። ደግሞም ለዚህ ቤተ መዘክር ታሪክ ሁሉ እንደ ምሳሌ ይሆናል፤ ድንጋይ የሚጠብቀው ሰው የሚፈልገውን ሳይሆን ድሮ ባለጠጎች ያሠሩትን ነውና።

ቤቱን የነደፈው በርናር ዘርፉስ የተባለ የፈረንሳይ አርክቴክት ነው፤ ይህም ሰው በፓሪስ የዩኔስኮን ቤት ከነደፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ቤተ መዘክሩ በ1975 ዓመት ተመርቆ ተከፈተ። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቤት መኖሩ አይታወቅም፤ በሙሉ በኮረብታው ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ተሠርቷልና። ተመልካች ከኮረብታው ራስ ይገባል፤ ከዚያም በደረጃ ፈንታ እየተጠማዘዘ በሚወርድ ሰፊ ቍልቍለት ቀስ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሁለት ታላላቅ መስኮቶች ብቻ ከኮረብታው ጎን ወጥተው ወደ ቴያትሮቹ ያመለክታሉ። ሰው በጥላው ውስጥ ሲመላለስ ቈይቶ ወደ መስኮቱ በደረሰ ጊዜ፥ ከፊቱ ያለው ድንጋይ የወጣበትን ስፍራ በፀሓይ ብርሃን ያየዋል።

ይህ አሠራር ምስጋና የሚገባው ነው። አርክቴክቱ የራሱን ሥራ ከጥንቱ ሥራ በላይ ከፍ አድርጎ አላቆመም፤ ትሕትናን መርጦ ከመሬት በታች ሰወረው። ደግሞም ወደ ታች መውረድ የቈፋሪውን ድካም ለተመልካቹ ያሳስበዋል። ይሁን እንጂ ነቀፌታም አይታጣበትም። ግድግዳውና ምሰሶው ሁሉ ቀለም ያልተቀባ ሲሚንቶ ስለ ሆነ፥ ከነጩ እብነ በረድ ጋር ሲተያይ ዓይንን ያከብደዋል። ከዚህም በላይ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ተመልካች ቍልቍለቱን ተከትሎ ይወርዳል እንጂ እንደ ልቡ ወዲያና ወዲህ እየተመለሰ ዕቃን ከዕቃ ሊያስተያይ አይመቸውም። ይህ ጕድለት ትንሽ ቢመስልም ኋላ እንደሚታየው ለነገሩ ትርጕም እንቅፋት ይሆናል።

የቤቱም ስም ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ቀድሞ የጎልና የሮማ ሥልጣኔ ቤተ መዘክር ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሉግዱኑም፥ ቤተ መዘክርና የሮማ ቴያትሮች ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ የጎል ስም ከበሩ ላይ ተፋቀ፤ የሮማ ስም ብቻ ቀረ፤ የሚል ሰው ቢኖር ነቀፌታው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሉግዱኑም የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ አይደለም። ዱኖን በጎላውያን ቋንቋ አምባ ማለት ሲሆን፥ ሉግ ደግሞ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ጎላውያን ያመልኩት የነበረ ጣዖት ስም ነው። ሮማውያን ከተማይቱን በቈረቈሩ ጊዜ በራሳቸው ቋንቋ ኮጵያ ፌሊክስ ሙናጥያ ብለው ሰይመዋት ነበር፤ ትርጓሜውም የሙናጥዮስ ሰፈር የሆነች ባለ ብዙ በረከት ዕድለኛ ከተማ እንደ ማለት ነው። ይህ የከበረ ስም በድንጋይ ላይ ብቻ ተረፈ። የጎላውያን ስም ግን በሕዝብ አፍ እየተሸራረፈ ሊዮን ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። ስለዚህ ስም ለዋጮቹ አስበውት ይሁን ሳያስቡት፥ ከበሩ የወጣው ጎል በመስኮት ተመልሶ ገብቷል።

ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ዋናው የቀላውዴዎስ ሰሌዳ የሚባለው ነሐስ ነው። ይህ ቀላውዴዎስ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ስሙ የተጠቀሰው የሮማ ቄሣር ነው፤ ስሙም በኢትዮጵያ ከ1540 እስከ 1559 ዓመት በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ስም የታወቀ ነው። ቄሣሩ የተወለደው በዚያው በሊዮን ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት ነሐሴ 1 ቀን ነበር። በ48 ዓመት የጎል መኳንንት በሮማ ሸንጎ፥ ይኸውም ሴናቶ በሚባለው፥ ገብተው ይቀመጡ ዘንድ ለመኑ። ብዙዎቹ የሮማ ሽማግሌዎች ተቃወሙ፤ ቀላውዴዎስ ግን ቆሞ ስለ እነርሱ ተናገረ። ጎላውያንም ንግግሩን በነሐስ አስቀርጸው በከተማቸው አቆሙት። ሰሌዳው በ1528 ዓመት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ክርዋ ሩስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ካለው የወይን ቦታው አገኘው፤ ከተማይቱም ገዛችው። ላይኛው ክፍል ጠፍቷል። የቀረው ክፍል ስፋቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ39 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ክብደቱ ከ220 ኪሎ ይበልጣል። ፊደሎቹ እጅግ ያማሩና የጠሩ ናቸው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላም ያለ ችግር ይነበባሉ።

ይህን ነሐስ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። ያንኑ ንግግር ታሲቶስ የተባለው ታላቅ የሮማ ታሪክ ጸሓፊ በመጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል፤ ነገር ግን በራሱ ቃል አሳምሮ ነው። ስለዚህ አንድ ንግግር እንደ ተነገረና እንደ ተጻፈ ጎን ለጎን ሊታይ ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ከጥንት ዘመን እጅግ በጥቂቱ ይገኛል። በታሲቶስ መጽሐፍ ያለው ቀላውዴዎስ ነገሩን አሳጥሮና አሰካክቶ የሚናገር ብልህ ነው፤ አቴናና ስጳርታ የጠፉት ድል የነሧቸውን ሰዎች እንደ ባዕድ ስላራቁ ነው፤ ሮሙሎስ ግን ጠላቶቹን በአንድ ቀን ዜጎች አደረጋቸው፤ እያለ ይከራከራል። በነሐሱ ላይ ያለው ቀላውዴዎስ እንዲህ አይደለም። ስለ ጥንት የሮማ ነገሥታት ይጀምራል፤ አንዱ ከሌላ ነገድ እንደ መጣ፥ የሌላው አባት የቆሮንቶስ ሰው እንደ ነበረ፥ የሦስተኛውም እናት ምርኮኛ እንደ ነበረች ይዘረዝራል፤ የኤትሩስካውያንን ታሪክ በግሪክኛ የጻፈ ምሁር ስለ ነበረ ከነገሩ ወጥቶ ወደ ዕውቀቱ ይነጕዳል። በመካከሉም ራሱን በስሙ ጠርቶ ወደ ፍሬ ነገሩ ይመለስ ዘንድ ያሳስባል።

አንባቢ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። ስለ ጽሑፍ ውበት ታሲቶስን የሚያህል የለም። ስለ ሰውነት ግን ነሐሱ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ የሚሰማው የሚያነክስ፥ የሚንተባተብ፥ ብዙ የሚያውቅ፥ የተናቀ ሰው ድምፅ ነውና። ደግሞም ታሲቶስ ያስቀረውን አንድ መራራ ነገር ነሐሱ ጠብቆታል። ቀላውዴዎስ ለጎላውያን ምሕረትን በሚለምንበት በዚያው ንግግር፥ ስሙን ሊጠራው የማይወደውን አንድ የቪየን ከተማ ሰው ወንበዴ እያለ ይረግማል። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ቆንሱል የነበረ ቫሌርዮስ አስያቲቆስ ነው፤ ቄሣሩም ባለፈው ዓመት በ47 ራሱን እንዲገድል አስገድዶት ነበር። ቪየን የሊዮን ጎረቤት ናት፤ አስያቲቆስም ከጎል ምድር ወጥቶ ከፍ ያለ ሹመት ከያዙት ሰዎች አንዱ ነበረ። እንግዲህ በሩን የሚከፍተው እጅ ቀድሞ የገባውን የገደለው እጅ ነው። ጎላውያን ንግግሩን በነሐስ ሲያስቀርጹ ይህን ቃል አለማስፋቃቸው ከፍርሃት ይሁን ከምስጋና፥ ተመልካች ቆሞ ሊያስብበት ይገባል።

በዚያው ቤት ሁለተኛ ነሐስ አለ፤ እርሱም የኮሊኚ የዘመን መቍጠሪያ ይባላል። በ1897 ዓመት ከሊዮን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በኮሊኚ መንደር፥ በእርሻ ውስጥ፥ ተሰባብሮ ከአንድ የነሐስ ምስል ስባሪ ጋር ተገኘ። ስባሪዎቹ ሲገጣጠሙ ከሙሉው ግማሽ ያህሉ ተገኝቷል። በላዩ ላይ የአምስት ዓመት ወራትና ዕለታት በዐሥራ ስድስት ዐምድ ተጽፈዋል፤ ወራቱም በሁሉ 62 ናቸው። ወሩ እንደ ጨረቃ ሠላሳ ወይም ሃያ ዘጠኝ ቀን አለው፤ ሠላሳ ቀን ያለው ወር ደግ፥ ሃያ ዘጠኝ ያለው ደግ ያልሆነ እንደ ማለት በሚሆን ምልክት ተለይቷል። ጨረቃ ከፀሓይ ወደ ኋላ እንዳትቀር፥ ጳጉሜን የዘመንን ጐደሎ እንደምትሞላ ሁሉ፥ በአምስቱ ዓመት ሁለት ተጨማሪ ወራት ገብተውበታል። በየዕለቱ ቍጥር አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ቀኑን ለማመልከት እንጨት ወይም ብረት ይሰካበት እንደ ነበረ ይታሰባል። ፊደሉና ቍጥሩ የላቲን ነው፤ ቋንቋው ግን የጎላውያን ነው። በዚህ ቋንቋ ተጽፈው ከተረፉት ጽሑፎች መካከል ከረጅሞቹ አንዱ ይህ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የጎላውያን ካህናት ድሩይዶች ይባሉ ነበር። ዩልዮስ ቄሣር እንደ መሰከረው ትምህርታቸውን በጽሑፍ ማስፈር ስላልወደዱ ደቀ መዛሙርታቸው ሁሉን በቃል ያጠኑ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህልም በትምህርት የሚቈዩ ነበሩ። ዜማው፥ ሕጉ፥ የከዋክብቱ ዕውቀት፥ ሁሉም ከሰዎቹ ጋር ጠፋ። ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ጠፋ ሲመረመር ደግሞ እንደ ገና የቀላውዴዎስ ስም ይነሣል። ሱቶንዮስ የተባለው የሮማ ጸሓፊ እንደ መዘገበው፥ የድሩይዶችን አምልኮት ከጎል ፈጽሞ ያስቀረው እርሱ ነው። ለጎል መኳንንት የሸንጎውን በር የከፈተው ቄሣር የጎልን መምህራን አፍ ዘጋ።

የዚህን ቤተ መዘክር ዋና ዋጋ የሚያስታውቀው ይህ ነው፤ ሁለቱ ነሐሶች በአንድ ጣራ ሥር ተገናኝተዋልና። የመጀመሪያው ጎላውያን ምን እንዳገኙ ይናገራል፤ ሁለተኛው ምን እንደ ከፈሉ ያሳያል። የመጀመሪያው ጮኾ ይናገራል፤ ላቲን የተማረ ሁሉ ያነበዋል። ሁለተኛው በሹክሹክታ ይናገራል፤ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበት ገና ብዙ ቃሉ አከራካሪ ነው። ነገር ግን የቤቱ አደራደር ዕቃዎቹን በየነገሩ ስለሚከፍል፥ ይኸውም አስተዳደሩን ለብቻ፥ አምልኮቱን ለብቻ፥ ንግዱንና ጨዋታውን ለብቻ ስለሚያሳይ፥ ሰው አንዱን እንደ ሕግ፥ ሌላውን እንደ ሃይማኖት አይቶ የሁለቱን ክርክር ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። የቍልቍለቱ መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ የሚጐዳው እዚህ ላይ ነው። ከአንዱ ነሐስ ወደ ሌላው መመለስን የሚጠይቅ ታሪክ በአንድ መንገድ ብቻ ሲወረድ ግማሹ ይቀራል።

አንድ ትውልድ በስሙ ላይ ምን እንደ ደረሰበት ለማየት የሚሻ ሰው የጋይዮስ ዩልዮስ ሩፎስን ድንጋይ ይመልከት። ይህ ድንጋይ በ1958 ዓመት በክርዋ ሩስ ተገኘ፤ ሩፎስ የተባለው የሳንቶን ነገድ ባለጠጋ በ19 ዓመት አካባቢ የአውሬ መታገያውን አምፊቴያትር በገንዘቡ እንዳሠራ ይናገራል። ከ1933 ጀምሮ በፉርቪየር ሲፈለግ የነበረው የሰማዕታት ስፍራ ከሶን ወንዝ ማዶ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ድንጋይ ነው። ያው ሩፎስ ሳንት በምትባለው በትውልድ ከተማው ቅስት አሠርቶ የአባቶቹን ስም በላዩ አስጽፏል። ቅድመ አያቱ ኤጶትሶሮዊዶስ ይባል ነበር፤ ስሙ ፈጽሞ የጎል ነው። አያቱ ጋይዮስ ዩልዮስ አጌዶሞጳስ ሆነ፤ አባቱም ጋይዮስ ዩልዮስ ካቱአኔውኖስ። በአያቱና በአባቱ ስም የቄሣር ስም ከፊት ገብቶ የጎል ስም ከኋላ ቀረ። በሩፎስ ላይ ግን ሁሉም ላቲን ሆነ፤ ሩፎስ ማለት ቀይ ማለት ነው። ሩፎስ የአባቶቹን ስም በድንጋይ ማስጻፉ እንዳላፈረባቸው ያሳያል። ነገር ግን ለራሱ የመረጠው ስም አሸናፊው የሚጠራበትን ነው። ብዙ መጽሐፍ ስለ ጎልና ስለ ሮማ መቀላቀል የጻፈውን ይህ የአራት ሰዎች ስም ዝርዝር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል።

ሩፎስ ባሠራው አምፊቴያትር ከ158 ዓመት በኋላ የሆነውን ነገር ግን ድንጋይ አልጻፈውም። በ177 ዓመት፥ ማርቆስ አውሬልዮስ ቄሣር ሳለ፥ አሕዛብ ሁሉ በሚሰበሰቡበት በዓል ጊዜ፥ የሊዮንና የቪየን ክርስቲያኖች ለአውሬ ተሰጡ። ብዙ ሊቃውንት ይህ በዓል ሦስቱ የጎል አውራጃዎች በየዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን በአውግስጦስ መሠዊያ የሚያደርጉት ነው ይላሉ፤ መሠዊያው የቆመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12 ዓመት ነበረ። የሆነውን ሁሉ የተረፉት ክርስቲያኖች በግሪክኛ ደብዳቤ ጽፈው በእስያና በፍርግያ ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ላኩት፤ አውሳብዮስ ዘቂሣርያም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ጠበቀው። ከዘጠና ዓመት በላይ የሆነው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ጶቲኖስ ተደብድቦ በእስር ቤት ሞተ። አገልጋይ የነበረችው ብላንዲና በምሰሶ ተሰቅላ አውሬዎቹ አልነኳትም፤ ኋላ ግን ከብዙ ሥቃይ በኋላ በመረብ ተጠቅልላ ለበሬ ተጣለች። የሰማዕታቱ ሥጋ ተቃጥሎ አመዱ በሮን ወንዝ ተበተነ፤ መቃብር እንዳይኖራቸው ነው።

ከሰማዕታቱ መካከል አታሎስ የሚባለው ሰው በሕዝቡ ፊት ሲዞር ክርስቲያን መሆኑን በላቲን የሚያስታውቅ ሰሌዳ በፊቱ ይሄድ ነበር ይላል ደብዳቤው። ሊዮን እንግዲህ ሦስተኛ ሰሌዳ ነበራት። የቀላውዴዎስ በነሐስ ተቀርጾ ከመሬት ወጣ፤ የኮሊኚውም ተሰባብሮ ተገኘ፤ የአታሎስ ሰሌዳ ግን በየትኛውም ቤተ መዘክር የለም። ነገር ግን በላዩ የተጻፈው ከሁለቱ ይልቅ በብዙ አገር ይታወቃል። ቤተ መዘክር ሊያሳይ የሚችለው የቀረጻውን ዋጋ የከፈሉ ሰዎችን እንደ ሆነ፥ አመዳቸው በወንዝ የተጣለውን ለማስታወስ መጽሐፍና የሚያነበው ጉባኤ ማስፈለጉ ከዚህ ይታወቃል።

ከሰማዕታቱ በኋላ የሊዮን ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ቅዱስ ሄሬኔዎስ ነው። እርሱ ከእስያ የመጣ ግሪክኛ ተናጋሪ ነበረ። መናፍቃንን በተቃወመበት መጽሐፉ መግቢያ ላይ፥ በጎላውያን መካከል እየኖረ አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ቋንቋ መናገርን ስለ ለመደ የንግግር ውበት እንዳይፈለግበት አንባቢውን ይለምናል። ይህ ትንሽ ቃል ታላቅ ምስክር ነው። ሄሬኔዎስ በጻፈበት በዚያው በሁለተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ አካባቢ የኮሊኚው ሰሌዳም ተቀርጿል። እንግዲህ ቀላውዴዎስ ከተናገረ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ የጎላውያን ቋንቋ በመንገድና በገበያ፥ በዘመን ቈጣሪዎችም ዘንድ፥ ሕያው ነበረ። አንዱን ምስክር ካህን፥ ሌላውን ምስክር ነሐስ ሰጠ፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ቃላቸው አንድ ሆነ።

ቤቱ ከታላላቆቹ በቀር የተራውንም ሰው ድምፅ ሰብስቧል። ከሊዮን መቃብር ድንጋዮች አንዱ ቪታሊንዮስ ፌሊክስ ስለ ተባለ የቀድሞ ወታደር ይናገራል፤ ከጦር ከወጣ በኋላ የሸክላ ነጋዴ ሆነ፤ 59 ዓመት ከ5 ወር ከ10 ቀን ኖረ፤ በማክሰኞ ተወለደ፥ በማክሰኞ ወታደር ሆነ፥ በማክሰኞ ተሰናበተ፥ በማክሰኞም ሞተ። በሌላ ድንጋይ ላይ ደግሞ ከሶርያ የመጣ ነጋዴ ታሪኩ በግሪክኛና በላቲን ተጽፏል። ከቀላውዴዎስ ግርማ በኋላ እነዚህን የሚያነብ ሰው ከተማይቱ የአሸናፊና የተሸነፈ ብቻ እንዳልነበረች፥ ከሩቅ አገር እንጀራ ፍለጋ የመጡ ብዙ ሰዎች መኖሪያ እንደ ነበረች ያስተውላል። ሰማዕታቱም ከእነዚሁ መካከል የወጡ ናቸው፤ አታሎስ ከጰርጋሞን የመጣ ሰው ነበረና።

በጠቅላላው ሲመዘን ይህ ቤተ መዘክር ከምስጋናው ነቀፌታው ያንሳል። ያማረ ዕቃ አለው፤ በ1806 ዓመት የተገኘው፥ ስምንት ሠረገሎች ሲሽቀዳደሙ የሚያሳየው የጠጠር ሥዕል ብቻውን ረጅም መንገድ ሄዶ ሊታይ የሚገባው ነው። ሕንጻው ትሑት ነው፤ ከቴያትሮቹ ጋር ያለው ዝምድናም ዕቃውን ከተወለደበት መሬት አይለየውም። ጕድለቱ የሮማ ግርማ ያለ ክርክር እንዲናገር መተዉ ነው። ይህ ግን በቀላሉ ሊታረም ይችላል፤ ነሐሶቹን ሳያንቀሳቅሱ እንኳ በአንዱ አጠገብ ስለ ሌላው የሚናገር አጭር ጽሑፍ ማኖር ይበቃል። ቀላውዴዎስ ለጎላውያን ወንበር እንደ ሰጠ በሚነገርበት ስፍራ መምህራኖቻቸውን እንዳሳደደ ደግሞ ይነገር። የዘመን መቍጠሪያው በሚታይበትም ስፍራ፥ ቋንቋው በዚያ ዘመን በአንድ የክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ አፍ ይነገር እንደ ነበረ ይጻፍ።

እስከዚያ ድረስ ግን ክርክሩን ማሰማት የተመልካቹ ፈንታ ነው። ወደ ሊዮን የሚሄድ ሰው ቍልቍለቱን ወርዶ ከጨረሰ በኋላ ሳይታክተው ወደ ላይ ይመለስና ሁለቱን ነሐሶች እንደ ገና ይመልከት። ከዚያም የሶንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ክርዋ ሩስ ይሂድ። በዚያ ከሩፎስ አምፊቴያትር የተረፈ ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ አለ፤ በመካከሉም ብላንዲናንና ጓደኞቿን ለማሰብ የቆመ አንድ ምሰሶ ይታያል። በላዩ የቄሣር ንግግር፥ የወራትም ስም አልተቀረጸበትም። ከኮረብታው ሥር ብዙ አንብቦ የመጣ ሰው ግን ያልተጻፈውን ለማንበብ በዚያ ጥቂት ይቆያል።